የበለጥሽ ዳጣና የማርግሬት በዓል

በለጥሽን ከቤተ ክርስቲያናችን ወጥ ቤት ያስወጧት በዳጣ ምክንያት ነው። ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል።

በለጥሽ የወላይታ ልጅ ናት፤ እዚህ በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ፣ ጀፕ በሚባለው የከተማው ገበያ ብርድ ልብስ ስትሸጥ ትውላለች። የምትኖረው ኬንሲንግተን ሰፈር፣ ማርግሬት የምትባል ጡረተኛ ነርስ ጓሮ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ጓሮውን አብረው ያለማሉ። ሎሚው የማርግሬት ነው፤ ቃሪያው፣ በሶብላውና ጤና አዳሙ የበለጥሽ። አምና በለጥሽ በሳንባ ምች ስትወድቅ ሾርባ እየሠራች ያስታመመቻት ማርግሬት ናት። ሽማግሌዎቻችን «እንጸልይልሻለን» ብለው በስልክ ተሰናበቷት።

ማርግሬት ክርስቲያን አይደለችም። ፔጋን ነኝ ትላለች፤ እንደ ድሮ ሰዎች ፀሐይንና ወቅቶችን ታከብራለች። እዚህ ብርዱ በሚጠናበት በሰኔ፣ የዓመቱ ረጅም ሌሊት ሲመጣ ወዳጆቿን ሰብስባ እሳት ታነዳለች። እንግዳው ሁሉ ከጓሮው ያዘጋጀውን ይዞ ይመጣል፤ ማርማላታ ይሁን የደረቀ ቅጠል። ዘንድሮ በለጥሽም ውርጭ ሳይመታው የለቀመችውን ቃሪያ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ፈጭታ፣ ዳጣውን በጠርሙስ ሰጠቻት።

ማንም አላሳበቀባትም። ራሷ ናት ደስ ብሏት በጸሎት ፕሮግራም ላይ ነገሩን ተናግራ «ለማርግሬት ጸልዩልኝ» ያለችው።

ሽማግሌው ሽጉጤ ፊቱ ጠቆረ። «ለጣዖት በዓል ያቀረበ እጅ ለቅዱሳን ምግብ አይሠራም» አለ። በጉባኤ ፊት ይቅርታ እስክትጠይቅ ታገደች። ሳምንቱን ሙሉ ገዢዎች በስሟ ፈንታ «ሲስ፣ ቀንሺ» ሲሏት ለምትውል ሴት፣ በስሟ ተጠርታ የምትመሰገነው እዚያ ወጥ ቤት ብቻ ነበር!

ይኸው ሽጉጤ መስከረም ላይ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር ለብሶ በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በጊፋታ፣ ሲጨፍር አይቼዋለሁ። የገዛ አባቱ ጴንጤ ሲሆኑ «የጣዖት ነው» ተብለው የተዉት በዓል ነው። ዛሬ ባህል ሆኗል፤ ይሁን፣ እኔም ጥሬ ሥጋውን በልቻለሁ። ታዲያ የእኛ ሲሆን ባህል፣ የማርግሬት ሲሆን ጣዖት የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

እሑድ በለጥሽ ማይክ ተሰጣት።

«ወንድም ሽጉጤ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ግን አምና ለጊፋታ እርስዎ ቤትም ዳጣ ልኬያለሁ። ከየትኛው ልጀምር?»

ሽጉጤ ጉሮሮውን ጠራርጎ መዝሙር አስጀመረ።

እገዳው አልተነሣም። ምሳ ላይ ግን ሽጉጤ ሥጋውን ወደ ራሱ አስጠግቶ ግራ ቀኙን አየና «ዳጣ የለም እንዴ?» አለ።

«አለ እንጂ» አልኩት፣ «ማርግሬት ቤት።»