ወልቂጤ የበሰለ ክትፎ የበላችበት መስቀል

ተካን ኮምፒዩተር ያስተማረው ሰው የለም። ከአዲስ አበባ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ከነማተሚያው ተሸክሞ መጣና በአክስቱ በአዛለች ክትፎ ቤት ጓዳ ተከለው። ፓይተን በሚሉት የኮምፒዩተር ቋንቋም ዲክሽነሪ የሚባል መዝገብ ሠራ፤ በአንድ በኩል የደንበኛው ስም፣ ከጎኑ ምርጫው። ጋሽ ብርሃኑ፦ ጥሬ። እትዬ አልማዝ፦ ለብለብ። ትእዛዙ ከዚያ እየታተመ ማድ ቤት ይገባል።

አዛለች ግን አላመነችውም። «መስቀልን ካበላሸብኝ ተሽጦ ፍሪጅ ይገዛበታል» ብላ ዛተች።

የሚሌኒየሙ መስቀል ዋዜማ ላይ ጭንቅ ያዛት። «አንተ፣ ሰው ሁሉ አብስሉልኝ ቢል ከሰሉ ይበቃል?»

ተካ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲናፍቅ ነው የኖረው። የሁሉንም ምርጫ «የበሰለ» እያደረገ ከሰሉን የሚያሰላ ፋንክሽን፣ ማለትም አንድ ሥራ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ፤ ዲክሽነሪውንም እንዲሠራበት አቀበለው። «ይበቃል!» ብሎ ደረቱን ነፋ፤ የነገውንም ትእዛዝ ወዲያው ከዲክሽነሪው አትሞ ተኛ። ፓይተን ዲክሽነሪ ሲያቀብል ግልባጭ እንደማይሰጥ፣ ዋናውን ራሱን እንደሚያስረክብ ማን ይንገረው?

በማግስቱ ማድ ቤት ያሉት ሴቶች ከላይ እስከ ታች «የበሰለ» የሚለውን ወረቀት አይተው ተያዩ። «ኮምፒዩተር ካለማ» ብለው ሁሉንም አበሰሉት።

ጋሽ ብርሃኑ፣ የከተማው የጥሬ ጀግና፣ ጣባቸውን ሲያዩ ብድግ አሉ። «አዛለች! በሬው አንዴ ሞቷል፤ ድጋሚ ማን ገደለው?»

ቤቱ በጩኸት ተናጠ። አዛለች ጓዳ ገባች።

«አክስቴ፣ ግልባጩን የሰጠሁት መስሎኝ ዋናውን…»

«ለጎረቤት ቅቤ ባስቀምስ በማንኪያ ጨልፌ ነው እንጂ ቅሉን አንስቼ እሰጣለሁ? ከርፋፋ!»

ኮምፒዩተሩ ያኔውኑ በአንሶላ ተጠቀለለ፤ ገዢም ተጠራለት።

በነጋታው ጋሽ ብርሃኑ ከገዢው ቀድመው በጓዳ በር ሹልክ ብለው ገቡ።

«እንዳትሸጪው» አሉ በሹክሹክታ። «ሐኪም ጥሬ ከከለከለኝ ዓመት አለፈኝ። ትናንት እየጮህኩ ጣባውን ጠርጌ ነው የበላሁት። ይሄ ልጅ ለማድ ቤት ‹የበሰለ› የሚል ወረቀት፣ አንቺ አዳራሽ ቆመሽ የምትጠሪበት ደግሞ ‹ጥሬ› የሚል ሊያወጣልኝ ይችላል?»

አዛለች ወደ ተካ ዞረች። «ይችላል?»

«ግልባጭ ከተሠራለት ይችላል፤ አሁን ገብቶኛል።»

አንሶላው ተፈታ። ምሳ ሰዓት ላይ አዛለች አይብ ከላይ በደንብ የለበሰ ጣባ ይዛ አዳራሹ መሃል ቆመች።

«የጋሽ ብርሃኑ ጥሬ!»

ጋሽ ብርሃኑ ጢማቸውን ጠምዘዝ አድርገው ተቀበሉ። «ወንድ እንዲህ ነው የሚበላው!» አሉ፣ አጠገባቸው ያለውን ሰው ጎሸም እያደረጉ። ያም ሰው ከአይቡ ስር ያለውን የበሰለ ሥጋ አየት አደረገና፣ ጥቂት ቆይቶ እሱም እንደ እሳቸው ወደ ጓዳው በር ሹልክ ሲል ታየ።