በጣት ማንበብ

ዕውር መሆን ካልቀረ ወንድ ዕውር መሆን ይሻላል። ዳዊቱን በቃሉ ይይዛል፣ ዜማውን ይማራል፣ «የኔታ» ይባልና ዕድሜ ልኩን እጅ ሲነሱት ይኖራል። ለሴቷ የተመደበላት የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው። እናቴ «እዚያስ አላስቀምጣትም» ብላ ስለተሟገተች ሩቅ አገር የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባሁ። ስምንተኛ ክፍል ደረስኩ፤ ብሬሉን በጣቴ አነባለሁ፣ ስልክ ማዞርም ተምሬያለሁ። ከዚያ ረሃቡ መጣና አባቴንና በሬዎቻችንን ይዞ ሄደ። እናቴን ብዬ መካነ ሰላም ተመለስኩ።

አብዮቱ ሲፈነዳ ደግሞ የሚያስብልኝ ሰው በዛ። አካለ ስንኩላን ራሳቸውን እንዲችሉ የሚረዳ ቢሮ ተከፈተ፤ ራሴን ለመቻል ሦስት ቀን ተሰለፍኩ። የአስተዳደሩ ስልክ ማዞሪያ ወንበር ባዶ እንደሆነ ሰምቼ ነበር። እናቴ ደክማለች፤ ያችን ወንበር ካጣሁ የሚቀረኝ ያው ደጃፉ ነው።

መዝጋቢው ጨዋ ሰው ነበር።

«የትምህርት ደረጃ?»

«ስምንተኛ ክፍል። የማነበው በጣቴ ነው።»

«በጣት» እያለ ጻፈ። «አብሽሪ እህቴ፣ ይሳካል።»

ተሳካ። ከሁለት ወር በኋላ ስጠራ ለመሠረተ ትምህርት ተመድቤያለሁ፤ በተማሪነት። በእኛ ቢሮዎች «በጣት» ማለት ስሙን መጻፍ የማይችል፣ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ የሚፈርም ማለት ነው። ስምንተኛ ክፍሌ የት እንደገባ የሚያውቅ አልተገኘም።

ለአስተዳደሩ ሊቀ መንበር አቤት አልኩ። ድምፃቸው ወፍራም፣ ጫማቸው ሲራመዱ የሚጮኽ ሰው ነበሩ። መጽሐፌን ዘርግቼ አነበብኩላቸው።

«በቃልሽ ይዘሽው ነው» አሉ። «የዕውር በቃል አያያዝ መች ጠፋን!»

«እንግዲያው እርስዎ ይንገሩኝና ልጻፈው።»

አንድ መፈክር ነገሩኝ። ወስፌ በመሰለችው መብሻዬ ወረቀቱ ላይ እየበሳሁ ጻፍኩት፤ ገልብጬ በጣቴ እየዳሰስኩ አነበብኩላቸው።

«ወላሂ፣ አሁን እኮ ነው የነገርኩሽ! በምን ጊዜ ትረሺዋለሽ?» አሉ፣ አምላክ የለም ብለው የሚያስተምሩት ሰው።

ክርክራቸው እንከን አልነበረውም። በንዴት ሳለቅስ የምስጋና እንባ መሰላቸው፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሸኙኝ።

እንግዲህ ፊደል ቆጠርኩ። አስተማሪው በጠመኔ ይጽፋል፣ ወደ ሰሌዳው እየጠቆመ «ይህ ማን ነው?» ይላል፣ እኔም ከሰው እኩል «ሀ!» እላለሁ። በሦስተኛው ወር ከመሃይምነት ነፃ ወጣሁ ተባለ።

የአብዮት በዓሉ ሲቃረብ ሊቀ መንበሩ አስጠሩኝ። ዕውር እንኳ ሳትቀር ማንበብ መቻሏን ሕዝቡ እንዲያይ የምስጋና ንግግር መድረክ ላይ በጣቴ ማንበብ አለብኝ። በቃሏ ይዛው ነው የሚለው ነገር አሁን ተረስቷል። ንግግሩን እሳቸው እየነገሩኝ ጻፍኩ፤ ቤቴ ገብቼ ደግሞ ሌላ ጻፍኩ።

በበዓሉ ቀን ሜዳው ከየቀበሌው በመጣ ሰው ተጨናንቋል። ያን ጊዜ ያልተባሉትን መናገር የት እንደሚያደርስ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ከዚያ ደጃፍ የበለጠ የምፈራው አልነበረኝም።

«ጓድ ሊቀ መንበራችን ማንበብ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ» ብዬ አነበብኩ። «ከሰኞ ጀምሮም በአስተዳደሩ ስልክ ማዞሪያ ላይ ስለቀጠሩኝ እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ።»

ሜዳው በጭብጨባና በእልልታ ተናወጠ። ሰው በዚያ ዘመን ለማጨብጨብ አይሰንፍም ነበር። ሊቀ መንበሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አንቺ! ይሄ መች ወረቀቱ ላይ አለ?»

«እርስዎ ያንብቡት፣ ጓድ» ብዬ ሰጠኋቸው።

ወረቀቱ በእጃቸው ሲገላበጥ ይሰማኛል። አላነበበችም እንዳይሉ፣ ማንበቤን ለሕዝቡ ያስመሰከሩት ራሳቸው ናቸው። እልልታው አልቆመም። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ትክክል ነው» አሉ በድምፅ ማጉያው።

ሰኞ ጧት ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የደወሉት እሳቸው ናቸው፤ በአስቸኳይ ከወረኢሉ ጋር እንዳገናኛቸው አዘዙኝ። ትንሽ አስጠብቄ አገናኘኋቸው።