የካቲት ላይ የተዘጋው ድልድይ

ጠናን ከሆመቾ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ የእንጨት ድልድይ እንዲጠብቅ የቀጠሩት በደርግ ዘመን፣ በአንድ ጭቃማ ሐምሌ ነው። መኪና ሲያልፍ መዳፉን መደገፊያው እንጨት ላይ ያሳርፍና ንዝረቱን ያዳምጣል። ክረምቱን እንዲህ ከርሞ የድልድዩን ጠባይ አወቅሁ አለ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለእሱ ዓይነቱ ነው፤ በጋውን መቼ አየና!

የካቲት ላይ ፀሐዩ በረታ። ከሆመቾ የመጣው አውቶቡስ የፊት ጎማውን ሲያሳርፍ ድልድዩ ጠና በማያውቀው አኳኋን ተንዘፈዘፈ። ድልድዩን የተሸከመው ግንድ ተሰንጥቋል ብሎ ደነገጠ፤ አውቶቡሱን መልሶ መንገዱን ዘጋ። ውስጡ ጎረቤቱ ገነቴ ምጥ ይዟት ወደ ሐኪም ቤት እየሄደች ነበር። በቃሬዛ አድርገው ወንዙን በታች በኩል አሻገሯት፤ ሆሳዕና ሲደርሱ ልጁ ሞቶ ነበር። በማግስቱ የመንገድ ሠራተኞች መጥተው ግንዱን ፈተሹ። ግንዱ ደህና ነው፤ ሳንቃው በፀሐይ ተኮማትሮ ምስማሩ ላልቶ ነው፣ በበጋ ሁልጊዜም እንዲህ ነው አሉት።

ማንም አልወቀሰውም፤ ይኸው ነው የባሰበት። ቤተ ክርስቲያናቸው በደርግ ታሽጎ ስለነበር ምእመናኑ በየቤቱ ተደብቀው ሲጸልዩ፣ ገነቴ ስሙን ጠርታ ትጸልይለታለች። ጠና በኀፍረት አንገቱን ይደፋል፤ አሜን ማለት ያቅተዋል።

ዓመታት አለፉ። ጠና አሁን ያውቃል፤ በክረምት ሳንቃው ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይጠብቃል፣ ድልድዩም ጭምት ይሆናል። አንድ የነሐሴ ጠዋት ግን ዝናቡ እየወረደ አንድ ጭነት መኪና ሲያልፍ እንደ በጋ ተንዘፈዘፈ። ከኋላ አውቶቡሱ መጣ። እጄ ዛሬም ቢዋሸኝስ? ያኔም እርግጠኛ ነበርኩ እኮ፣ አለ በልቡ። እጁን ዘርግቶ መንገዱ መሃል ቆመ።

"ኧረ ጓድ ጠና፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልትገድል ነው?" አለው የአውቶቡሱ ሾፌር ወልደየሱስ።

እየተነጫነጨ ወርዶ ከድልድዩ ሥር ገባ። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል፤ የመሃሉ ግንድ ተሰንጥቋል። ተሳፋሪው ወርዶ ጠናን እያቀፈ ሳመው።

ገነቴም ከመሃላቸው ነበረች። ቀረብ ብላ በዝግታ፣ "ያኔም እጅህ ልክ ነበር ማለት ነው። ተሰንጥቆ ነበር፤ እነሱ ናቸው ያላዩት፤ አይደል?" አለችው።

አዎ ቢላት ሁለቱም ባረፉ።

"የለም ገነቴ" አላት። "ያኔ ፀሐዩ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

ነጠላዋን አጠበቀችና በዝናብ ወደ ሆመቾ በእግሯ ተመለሰች።

በሚቀጥለው ጸሎት ላይ የእሱን ስም አልጠራችም። ጠና ያን ቀን አሜን አለ።