ፍልሰታን በቅቤ አገር

ፍልሰታ በገባ በማግስቱ ከደለስ ኤርፖርት ወደ ፓሪስ ተነሳን፤ እኔና ኤደን። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ እሷ ወንዝ ማዶ፣ አሌክሳንድርያ። በመሃላችን ያለው የቤልትዌይ ቀለበት መንገድ ትራፊክ ስለሆነ ሰባት ዓመት ሙሉ የተገናኘነው ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት፣ ሌላውን ቀን ደግሞ በስልክ ነው። የኤደን አክስት ፓሪስ ይኖራሉ፣ ሁለታችንም ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ወስደናል፣ የሃይስኩል የመጨረሻው የሰመር እረፍታችን ነው። ለመሄድ ከዚህ በላይ ምክንያት አላስፈለገንም።

እኔ ግን የራሴ ጉዳይም ነበረኝ። ራቅ ያለ ኮሌጅ ገብቼ ዶርም ልኑር ብዬ እማዬን ዓመቱን ሙሉ ስለምናት፣ እሷም “እናያለን” እያለች ስታሳድረው ነው የከረመችው። ሻንጣ ሳዘጋጅ መጥታ አልጋዬ ላይ ተቀመጠች።

“ዘንድሮ ፍልሰታን ሙሉውን እጾማለሁ አላልሽም?”

“ብያለሁ።”

“መንገደኛ ነሽ፣ ባትጾሚ ማንም አይፈርድብሽም። ግን ቃል ገብተሻል። እኔ በሌለሁበት፣ በቅቤ አገር፣ ቃልሽን ከጠበቅሽ ስለ ዶርሙ እንነጋገራለን። ካልጠበቅሽ ከዚሁ ቤት በአውቶቡስ እየተመላለስሽ ትማሪያለሽ።”

“ዲል፣ ተስማማን!” አልኳት። አስራ ስድስት ቀን ነው፤ ሥጋ የለም፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የለም፣ እስከ እኩለ ቀን ደግሞ ምንም የለም። ድሮ እስከ ሦስተኛው ቀን ነበር የምደርሰው።

ሁለተኛ ቀን፦ አውሮፕላን ላይ

የጾም ምግብ አስቀድሜ ማዘዝ እንዳለብኝ አላሰብኩም። የቀረበው ዶሮ ወይም አይብ የፈሰሰበት ፓስታ ነበር። ሁለቱንም ስመልስ የበረራ አስተናጋጇ ደንገጥ ብላ “አለርጂ አለብሽ?” አለችኝ።

“የለብኝም፤ ፍልሰታ ነው።”

ኤደን ብርድ ልብሷ ውስጥ ገብታ በሳቅ ሞተች። “ለፈረንሳይዋ ‘ፍልሰታ ነው!’ እሺ፣ ገብቷታል!” አስተናጋጇ ግን ሁለት ዳቦና ሦስት ሰላጣ ይዛልኝ ተመለሰች። የኤደንን ዶሮ ኤደን በላች። እሷ የምትጾመው እስከ እኩለ ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ “መንገደኛ ነኝ” ትላለች።

ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ ቀን፦ ፓሪስ

የኤደን አክስት እትዬ አስቴር ኤርፖርት መጥተው ተቀበሉን። ሆስፒታል ልብስ አጠባ ክፍል ውስጥ ነው የሚሠሩት፤ ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ሻንጣችንን እየጎተትን ስንወጣ ስለ ጾሜ ነገርኳቸው።

“ውይ የኔ ልጅ፣ እዚህ አገር እኮ ውሃውም ቅቤ ሳይኖረው አይቀርም” አሉኝ። ቢሆንም ማታ ምስር ሠርተው ጠበቁኝ።

የፓሪስ ዳቦ ቤቶች ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ መንገዱን በሙሉ በክሯሳን ያሸቱታል። ክሯሳን ማለት በሊጥ የተጠቀለለ ቅቤ ነው። ባጌት ግን ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾና ጨው ብቻ ስለሆነ ተረፍኩ። በየቀኑ በአንድ ዩሮ ከምናምን ሳንቲም የሚሸጥ ባጌት፣ ሁለት ቲማቲምና አንድ ኮክ ገዝቼ፣ ወንዙ ዳር ተቀምጬ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል ለእኩለ ቀን አሥራ ሁለት ጊዜ እስኪመታ ሰዓቱን አፍጥጬ አይ ነበር።

አይፍል ማማን በእግር ወጣነው፤ በደረጃ ከሊፍቱ ይረክሳል። እስከ ሁለተኛው ፎቅ ስድስት መቶ ሰባ ምናምን ደረጃ ነው። በባዶ ሆዴ ነበርኩና መሃል ላይ ብረቱን ይዤ ቆምኩ።

“መንግሥተ ሰማያት በደረጃ ነው እንዴ የምትገቢው?” አለችኝ ኤደን ከላይ ሆና።

“አንቺ ውጪ፣ እኔ እየጸለይኩ ነው!”

ላይ ስደርስ ከተማው ሁሉ አንድ ዓይነት ከለር ነው፤ የወተት ሻይ ይመስላል። ኖትርዳም ካቴድራል ደግሞ መግቢያው ነጻ ነው፣ ሰልፉ ግን ዞሮ ዞሮ አያልቅም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከደረሰበት ቃጠሎ በኋላ ድንጋዩ በሙሉ ተጠርጎ ስለነጣ፣ ስምንት መቶ ዓመት የቆየ ሳይሆን ትናንት ያለቀ ቤት ነው የሚመስለው። አንዲት ሻማ አብርቼ፣ ስለ ዶርሙ ጉዳይ በአጭሩ አሳሰብኩ።

ሰባተኛና ስምንተኛ ቀን፦ ገጠር

እትዬ አስቴር ከሥራ እረፍት ስላላገኙ በባቡር ወደ ብሏ ከተማ ላኩን። ጣቢያው ላይ ድሮ አብረዋቸው ይሠሩ የነበሩት ጡረተኛ፣ ማዳም ኮሌት፣ በትንሽ መኪናቸው ጠበቁን። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ መንገዱን ሳይሆን እኛን እያዩ ነው የሚነዱት። ስንዴው ታጭዷል፣ ጭዱ እንደ ትልቅ ከበሮ ተጠቅልሎ ሜዳው ላይ ተቀምጧል፣ ሱፍ አበባው አንገቱን ደፍቷል። ቤታቸው ጓሮ ስድስት ፍየሎች አሉ።

“ሥጋ አትበላም፣ ወተት አትጠጣም፣ እንቁላልም የለም” አሉ ማዳም ኮሌት እኔን እያዩ፣ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ መሃል። “ታዲያ ምን ቀረ?” ከዚያ የራሳቸውን ቲማቲም በዘይት አቀረቡልኝ። እንደዚያ ያለ ቲማቲም በልቼ አላውቅም።

በማግስቱ ሻምቦር ቤተ መንግሥት ወሰዱን። ከአስራ ስምንት ዓመት በታች በነጻ ይገባል። መሃሉ ላይ እንደ ሹሩባ የተጠላለፉ ሁለት ጠመዝማዛ ደረጃዎች አሉ፤ አንዱ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ቢወጣ በመስኮት ይተያያሉ እንጂ አይገናኙም። እኔና ኤደን ተለያይተን ወጣን። በየመስኮቱ ብቅ እያለች ምላሷን ታወጣብኛለች።

ዘጠነኛ ቀን፦ የመንደሩ በዓል

ኦገስት 15 ፈረንሳይ ውስጥ የእመቤታችን የዕርገት በዓል ነው፤ ሥራ ዝግ ነው። ጠዋት አራት ሰዎች ሐውልቷን ተሸክመው፣ አርባ የሚሆኑ ሽማግሌዎች እየዘመሩ ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ወንዙ ሄዱ። እኛም ተከተልን። ነጠላ ባለመያዜ ቆጨኝ።

ስንመለስ ማዳም ኮሌት ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተዋል፦ በክሬም የተሠራ ዶሮ፣ የፍየል አይብ፣ የፕለም ኬክ። ለእኔ ለብቻዬ ምስር። ኤደን ክንዴን ያዘችኝ።

“ስሚኝ። ይሄ በዓል የምንድን ነው?”

“የዕርገቷ።”

“ፍልሰታ የሚፈታው በምንድን ነው?”

“በዕርገቷ።”

“መቼ?”

“ነሐሴ አስራ ስድስት።”

“ነሐሴ በእንግሊዝኛ?”

“ኦገስት፣ ግን...”

“ነገ ስንት ነው? አስራ ስድስት! አንድ ቀን ቢዛነፍ አውሮፓ ስለሆነ ነው። ሲሪየስሊ፣ አገሩ በሙሉ ፈስኳል፣ አንቺ ብቻሽን ማን ነሽ?”

ሳቅኩ። እኛ ቤት የኢትዮጵያ ቀን የምናውቀው ፍሪጁ ላይ ከተለጠፈው ካላንደር ነው፤ ፍሪጁ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሳህኔን ዘረጋሁ። ሁለት የዶሮ ቁራጭ፣ አይብ፣ ከኬኩም ሁለት ጊዜ። ማዳም ኮሌት በደስታ እጃቸውን አጨበጨቡ። በጣም ይጥም ነበር፤ አይጥምም ብል ውሸት ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ ማስታወሻዬን ገለጥኩ። ጠዋት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሳንሄድ በፊት፣ በገዛ እጄ “ዘጠነኛ ቀን” ብዬ ጽፌያለሁ። ከአስራ ስድስት ዘጠኝ ሲቀነስ ሰባት ነው፤ በየትኛውም ካላንደር። ካላንደሩ የተምታታብኝ ዶሮው ስለሸተተኝ ነው።

“እና ምን ችግር አለው?” አለች ኤደን። “ቀን ተሳሳትኩ በያት። ትስቃለች እንጂ አትቆጣም፤ ዶርምሽም አይቀርም።”

እውነቷን ነበር። እማዬ እንደዚያ ብላት ታምነኝ ነበር።

አስራ አንደኛ ቀን፦ ወደ ቤት

በበዓሉ ማግስት ወደ ፓሪስ ተመለስን፣ እኔም ወደ ባጌቴ። ከዚያ በረራ። እማዬ ደለስ ጠበቀችኝ፤ ኤደንን ወንድሟ ወሰዳት። መኪናው ውስጥ ገና ቀበቶ ሳላስር፦

“ጾሙስ?”

“ዘጠነኛው ቀን ላይ በላሁ።”

“ምን?”

“ዶሮ በክሬም። አይብ። ኬክም።”

“ታመሽ ነበር?”

“አይ።”

“ቀኑ ተምታታብሽ?”

እዚህ ላይ “አዎ” ብል ያልቅ ነበር። የማምለጫውን በር ራሷ ከፈተችልኝ እኮ። “ኤደንና እኔ እንደዚያ ተባብለናል” አልኳት። “ግን አውቅ ነበር። ጠዋት ቆጥሬያለሁ።”

ሞተሩን አስነስታ ነዳች። ቤት ስንገባ ጎመን አሙቃ ሰጠችኝ። የቀሩትን አምስት ቀናት ጾምኩ፤ አንድም ቃል ስለ ዶርም አልተነሳም። እኔም አላነሳሁም።

ፍልሰታ የተፈታ ዕለት፣ ከቅዳሴ ወጥተን ከበላን በኋላ፣ እማዬ መነጽሯን አደረገች።

“ኮሌጆችሽን የጻፍሽበትን ወረቀት አምጪው።”

አመጣሁ፤ አስራ አንድ ኮሌጆች ተጽፈውበታል። እስክሪብቶ አነሳች።

“ይሄ በመኪና ስንት ሰዓት ነው?”

“አሥር።”

ሰረዘችው።

“ይሄስ?”

“ስምንት።”

ሰረዘችው።

“ይሄ?”

“አምስት ተኩል።”

እስክሪብቶዋ ቆመ። “ለስምንት ቀን ጾም አምስት ተኩል ይበቃሻል። አስራ ስድስቱን ብትጨርሺ ካሊፎርኒያ ትሄጂ ነበር።”

“እማ!”

“እውነቱን ባትነግሪኝ ደግሞ እዚሁ ነበርሽ።”

ፈረንሳይ ብዙ አየሁ፤ በነጻ የሚገባበትን ቤተ መንግሥትና የማዳም ኮሌትን ቲማቲም አልረሳም። ከሁሉ የተማርኩት ግን እማዬ አትላንቲክን አቋርጣ ባትመጣም ቀኑን የሚቆጥር ሰው አብሮኝ እንደሚሄድ ነው፤ እኔው ነኝ። ከአስራ አንዱ ኮሌጆች አራት ቀርተውልኛል። አራቱንም አፕላይ አደርጋለሁ።