እትዬ ምርጫና የአናጢው መስታወት

እትዬ ምርጫ የሚለውን ስም ያወጣችላቸው የመንገዱ አትክልት ሻጭ ናት። የጣቶቻቸው ጫፍ ሁልጊዜ ጥቁር ነው፤ ቢታጠብ አይለቅ፣ ቢፈተግ አይለቅ። ሴትየዋ አንድ ቀን ቲማቲም ስትመዝንላቸው አየችና፣ «እንዴ እትዬ! እርስዎ ቤት ምርጫ በየሳምንቱ ነው እንዴ? እኛ እኮ ቀለም ነክረን ድምፅ ከሰጠን ሦስት ዓመታችን ነው» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በሙሉ እትዬ ምርጫ ይላቸው ጀመር። እሳቸውም አልተቀየሙም። እንዲያውም አዲስ ተማሪ ሲመጣ በዚሁ ስም ራሳቸውን ያስተዋውቁና፣ «የእናንተም ጣት ይጠቁራል። የሚያፍር ካለ በሩ ያውላችሁ» ይላሉ።

የሚያጠቁራቸው ብር ነው። ከብር የተሠራ ፈሳሽ ወረቀት ላይ በብሩሽ ይቀቡና፣ ፎቶው የተነሣበትን ኔጋቲቭ ከላይ አስተኝተው ፀሐይ ላይ ያወጡታል። ፀሐይ የነካው ይጠቁራል፣ ያልነካው ነጭ ይቀራል። ሰው ሁሉ ካሜራውን በኪሱ ይዞ በሚዞርበት ዘመን፣ እሳቸው አንዲት ፎቶ ለማተም ግማሽ ቀን የሚፈጀውን የጥንት አሠራር ያስተምራሉ። ሥራ ፈት ናቸው የሚል አይጠፋም። ይህን የሚለው ግን አንድ ረፋድ እንኳ አጠገባቸው ቆሞ ያላያቸው ሰው ነው።

ሙያውን ማንም አላስተማራቸውም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት ሲመዝኑና ሲቀምሙ ኖረዋል። በወጣትነታቸው አንድ ቀን ለቁስል የሚሆን የብር መድኃኒት በመስኮቱ ደፍ ላይ በነበረ ወረቀት ላይ ፈሰሰባቸው። ሳያስቡት የመደርደሪያውን ቁልፍ እላዩ ላይ ጥለው ወደ ደንበኛ ሄዱ። ሲመለሱ ወረቀቱ ጠቁሯል፤ ቁልፉን ሲያነሡት በቦታው ነጭ ቁልፍ ከነጥርሱ ቁጭ ብሏል። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ደብቀው በየቀኑ እያወጡ ያዩት ነበር። ባዩት ቁጥር ታዲያ ብርሃን እየነካው ነጩም ይጠቁራል፤ በሳምንቱ ቁልፉ የለም። በማየታቸው ብዛት ማጥፋታቸው አንጀታቸውን በላው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጠይቁ ከርመው፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የእጅ መጽሐፍ አገኙና መዝገበ ቃላት ይዘው ፈቱት። ወረቀቱ መጀመሪያ ጨው መጠጣት አለበት፤ ከዚያ ብሩ ይቀባል፤ ከፀሐይ ሲመለስ ምስሉን በሚያጸና ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ በወራጅ ውሃ ይታጠባል። ያኔ ቢያዩትም አይጠፋም።

ጡረታ ሲወጡ ከአንድ ትምህርት ቤት ጀርባ የነበረች የልብስ ማጠቢያ ክፍል ለምነው ወሰዱ። አራት የሲሚንቶ ገንዳ፣ አንድ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ በቢጫ ጨርቅ የተሸፈነ መስኮት፤ ሀብታቸው ይኸው ነው። እዚያች ክፍል ነርስም ታክሲ ነጂም ገብቶ ተምሯል። እትዬ ምርጫ ተማሪ ሲሳካለት እንደ ሕፃን ያጨበጭባሉ፣ ሲያጠፋ ደግሞ ምላሳቸው አይጣል ነው።

ከሁሉ በላይ የማይምሩት አንድ ጥፋት አለ። የድሮ ኔጋቲቭ ከመስታወት የተሠራ ነው፤ በአንዱ ፊቱ መድኃኒት ተቀብቶበታል፣ ሌላው ፊቱ ባዶ ነው። መድኃኒት ያለበት ፊት ወረቀቱ ላይ ካልተኛ፣ ምስሉ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ይወጣል። ሁለቱን ፊቶች በዓይን መለየት ያስቸግራል፤ በጣት ይነካ ቢባል ደግሞ ጣት ያበላሸዋል። የእትዬ ምርጫ ዘዴ ከንፈር ነው። ከንፈርን ረጠብ አድርጎ የመስታወቱን ጠርዝ ማስነካት፤ መድኃኒት ያለበት ፊት ያዝ ያደርጋል፣ ባዶው ያንሸራትታል። አንዲት ነርስ ይህን ሳትፈትሽ አትማ ስታመጣ ወረቀቷን ዓይኗ እያየ ለሁለት ቀደዱት። «ሰውን ገልብጦ ማተም፣ ሰውየውን አላውቀውም ማለት ነው!» አሏት።

አናጢው የመጣው የዛሬ ዓመት ነው። ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል። የነበረቻቸውን አንዲት የወጣትነት ፎቶዋን የጣሪያ ፍሳሽ በልቶባቸዋል። ያነሣት አሮጌ ፎቶ ቤት ሲዘጋ ግን የባለቤቱ ልጆች ጓዳውን ሲያጸዱ የዚያችኑ ፎቶ ኔጋቲቭ አግኝተው ሰጡት። በፎጣ ጠቅልሎ፣ እንቅልፍ እንደወሰደው ጨቅላ ደረቱ ላይ አቅፎ ነው ያመጣው።

«መምህር፣ ይችን ወረቀት ላይ ያውርዱልኝ» አላቸው።

«እኔ የማስተምር እንጂ የማትም አይደለሁም። ቁጭ በልና ተማር፤ ራስህ ታወርዳታለህ።»

ተማረ። ስምንት ወር ቅጠልና ዳንቴል ሲያትም ቆየ፤ በዚያውም ለተማሪው ሁሉ የእንጨት ፍሬም ሠራ። የሚስቱን መስታወት ግን ደፍሮ አይነካም። ከተቀሩት ሁሉ ይልቅ ዝም ያለና ሥራውን የሚያከብር ሰው ስለሆነ፣ እትዬ ምርጫ አፍ አውጥተው አይናገሩት እንጂ ይወዱታል።

እንዲህ እንዳለ፣ የከተማው ቤተ መጻሕፍት የምድር ቤት አዳራሹን ለሁለት ሳምንት ኤግዚቢሽን ፈቀደላቸው። ነገሩን ያስጨረሰችው እዚያ የምትሠራው የእህታቸው ልጅ ናት። ከሠላሳ አራቱ ሥራዎች መካከል እትዬ ምርጫ ልባቸው ያረፈው በአንዱ ላይ ነው፤ አናጢው ቆሞ ሚስቱን ግድግዳ ላይ ሲያያት ማየት ይፈልጋሉ። ሰማዩ ግን ሁለት ሳምንት ጨፍግጎ ከረመ።

ደመናው የተገለጠው ማክሰኞ ረፋድ ነው፤ እትዬ ምርጫ መንጋጋ ጥርሳቸውን ያስነቀሉበት ዕለት። ፀሐይ ቀጠሮ አታውቅምና በሻርፕ ጉንጫቸውን አስረው፣ ግማሽ ፊታቸው እንደደነዘዘ፣ ከሐኪሙ ወንበር በቀጥታ ወደ ክፍላቸው መጡ።

«በል፣ አውጣት» አሉት አናጢውን።

«እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው መምህር። እባክዎን፣ እርስዎ።»

እምቢ ሊሉ ነበር፤ ዓይኑን ሲያዩ ተቀበሉት። የመስታወቱን ጠርዝ ወደ ከንፈራቸው አስጠጉ። ምንም። «ባዶው ፊት ይሄኛው ነው» አሉና ሌላውን ፊት ወረቀቱ ላይ አስተኙት። ያስነኩት ግን መድኃኒት ያለበትን ፊት ነበር፤ ከንፈራቸው ነው እንጂ ያልነቃው መስታወቱ ምን አደረገ? ሌላውንም ፊት መሞከር የራሳቸው ደንብ ነው፤ ያን ዕለት ከወዲያ ማዶ ደመና ሲመጣ አይተው ቸኮሉ። ምስሉ ሲወጣ ትንሽ ፈዘዝ ያለ ነበር። «የድሮ ሌንስ እንዲህ ለስላሳ ነው፣ ልብ በሉ» አሉ በሻርፓቸው ውስጥ። ተማሪዎቹም ልብ ብለው ደብተራቸው ላይ ጻፉት።

ኤግዚቢሽኑ የተከፈተው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው፣ ከዚያች ማክሰኞ በአሥራ አንደኛው ቀን። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እትዬ ምርጫ ያቺን የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ጥቁር ጣቶቻቸውን ሳይደብቁ፣ የመጣውን ሁሉ እያስጎበኙ ነው። ዓይናቸው ግን አናጢው ላይ ነበር። ሰውየው የሌላውን ሁሉ ሥራ እየዞረ ያያል፤ የሚስቱን ፎቶ ግን ጀርባውን ሰጥቶታል። ኀዘኑ ተቀስቅሶበት ነው ብለው ተዉት።

ጥቂት ቆይቶ የሚስቱ መንትያ መጣች። ፎቶው ፊት ቆመች፣ ጠጋ አለች፣ መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች።

«እንዴ፣» አለች ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «ይቺ እኮ እኔ ነኝ! እኔ መቼ ነው ይህን ኮት ለብሼ የተነሣሁት?»

ሰዉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «ምን ያስቃችኋል? እኔና እህቴን እናታችን ራሷ የምትለየን በዚህ ጥቁር ነጥብ ነው። የእሷ በግራ ዓይኗ ሥር ነው፣ የእኔ በቀኝ። ይኸው፣ በቀኝ!»

እትዬ ምርጫ ማጉያ መነጽራቸውን አውጥተው ተጠጉ። የኮቱን አቆላለፍ አዩ፤ በወንድ ኮት ወግ ነው የተቆለፈው። እጃቸው ሳያዙት ወደ ከንፈራቸው ሄደ። «ጥርሴ!» አሉ፤ ክው አሉ።

ከዚያ ቀና ብለው አናጢውን ፈለጉት። አንገቱን ደፍቶ ምሰሶው ሥር ቆሟል።

«አንተ፣ ፍሬሙን የገጠምከው አንተ ነህ። አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ።»

«አይተህ ነው ዝም ያልከው? አፍረኸኝ ነው?»

«አይደለም መምህር።» ድምፁ ወረደ። «እርስዎ ሲሳሳቱ አይቼ አላውቅም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩ። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ኖሬ፣ ነጥቧ በየት በኩል እንደነበር ጠፋኝ አልኩ። እሷን ማሰብ ስጀምር ያ ነጥብ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲሄድብኝ ሰነበተ። መልኳ እየጠፋኝ ነው ብዬ ፈራሁ።»

እትዬ ምርጫ ዞር አሉ። ወረቀቷን የቀደዱባት ነርስ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማለች። እሳቸው ግን በዚያች ሰዓት ስማቸውን አላሰቡም፤ ያፈሩት በእሳቸው አዋቂነት ምክንያት ይህ ሰው የገዛ ሚስቱን መልክ በመጠራጠሩ ነው። በሕይወታቸው እንዲህ አፍረው አያውቁም። ወደ ግድግዳው ሄደው ፎቶውን ከነፍሬሙ አወረዱትና ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ስሙኝ! ይህን ገልብጬ ያተምኩት እኔ ነኝ። ከንፈሬ ደንዝዞ ነበር፤ መደንዘዙን ማሰብ ሲገባኝ ሁለቱንም ፊት ሳልሞክር ቸኮልኩ። ሌንሱ ለስላሳ ነው ያልኳችሁም ውሸት ነው፤ ሰርዙት።» ወደ ነርሷ ተመለከቱ። «አንቺንም ይቅርታ አድርጊልኝ። ወረቀትሽን መቅደድ አልነበረብኝም።»

ነርሷ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

በግቢው ውስጥ ለጎብኚዎች ማሳያ የተሰናዳ ጠረጴዛ ነበር፤ ብር የተቀባ ወረቀት በሳጥኑ፣ ማተሚያው ፍሬም፣ ሁለት ሳህን፣ አንድ ባልዲ ውሃ። ከፎቶው አጠገብ ለእይታ የተቀመጠውን መስታወት የእህታቸው ልጅ አውጥታ አመጣችው። ሰዉ ግልብጥ ብሎ ተከተላቸው። ፀሐይዋ ገባ ወጣ ትላለች።

«አክስቴ፣ ሰኞ ብታደርጉት አይሻልም? ደመናው እኮ መጣ» አለች ልጅቷ።

«ሰኞ እስኪደርስ ይህ ሰው ሁለት ቀን ሊጠራጠር ነው? ወዲያ በይ!»

መንትያዋ የተገለበጠውን ፎቶ ታቅፋ ቆማለች። «ይሄንን ለእኔ ስጡኝ» አለች። «እኔ በዚያ ዕድሜዬ የተነሣሁት አንድም የለኝም። በእህቴ ኮት ቆንጆ ነኝ።» አናጢው በዚያ ሁሉ መሃል ፈገግ አለ።

እትዬ ምርጫ መስታወቱን በጠርዙ ይዘው ዘረጉለት።

«እጄ ይንቀጠቀጣል መምህር።»

«እጅህን መቼ ጠየቅኩህ? ከንፈርህን ነው የጠየቅኩህ።»

ተቀበላቸው። ከንፈሩን አረጠበና ጠርዙን አስነካ። አንሸራተተ። ገለበጠው፤ በሌላው ፊት እንደገና አስነካ። በዚህኛው ያዝ አደረገው። ከሚያስፈልገው በላይ ትንሽ ቆየ፤ ማንም አላጣደፈውም።

«በዚህ በኩል ናት» አለ።

ወረቀቱ ላይ አስተኛት፣ ፍሬሙን ቆለፈ፣ ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። ደመናው ፀሐይዋን ሸፈናት። ስልሳ የሚሆን ሰው አንጋጦ ቆመ፤ ታክሲ ነጂው ደመናውን በቆብ ሊያባርር ሲሞክር ሰዉን አሳቀው። ኋላ ፀሐይዋ ወለል ብላ ወጣች። አናጢው ሃያ ደቂቃ ከፍሬሙ ዓይኑን አልነቀለም። እትዬ ምርጫ የፍሬሙን ጀርባ በግማሽ ከፍቶ እንዲያይ ምልክት ሰጡት። ከፈተ። ፊቷ ቡናማ ሆኖ ወጥቷል፣ ኮቷ በሴት ወግ ተቆልፏል። ጠቆር ያለ አውራ ጣቱን ወረቀቱን ሳያስነካ አስጠጋው፤ በግራ ዓይኗ ሥር።

«እዚህ ነው» አለ። ጣቱ አልተንቀጠቀጠም። «ልክ ነበርኩ።»

«ልክ ነበርክ፣ ወንድሜ» አሉት እትዬ ምርጫ፤ ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። «በል ክደናት፣ ገና ፀሐይ ይቀራታል።»