ባለ ሽቦው ቸርኬ

ቀናተኛ ነኝ። ይህን ቀድሜ የምናገረው ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ ነው። በደርግ ጊዜ ሀዋሳ የኖረ የሰፈሬ ሰው ሁሉ የእኔንና የቀይዋን መኪና ነገር ያውቃል፤ ያላወቀ ካለም ከጎረቤቴ ከሸዋዬ ሰምቷል።

ባሌ ሞገስ የመንግሥት ጋራዥ መካኒክ ነበር፤ እኔ ደግሞ ታይፒስት። የተጋባነው በ1968 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሰርግ ማድመቅ ያስገምት ነበር። የለመንነው መኪና በዚያው ቀን ጠዋት ለስብሰባ ሰው እንዲያመላልስ ተወሰደና ነጭ ቬሎ ለብሼ በኩማ ጋሪ ገባሁ። ኩማ የከተማው ዳር የቡሹሎ መንደር ልጅ ነው፤ ፈረሱን በሲዳምኛ እያባበለ የሚነዳ፣ ክፉ ቃል ከአፉ የማይወጣ ሰው። ፈረሱን በአበባ አስጊጦልኝ ነበር፤ ጎማው ግን አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ እያለ፣ ዛፍ የተተከለበትን ዋና መንገድ እስክንጨርስ ቬሎዬ እስከ ጉልበቴ አቧራ ጠጣ። ሞገስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "አይዞሽ፣ አንድ ቀን ክፍት መኪና ላይ አስቀምጬሽ ከተማውን አዞርሻለሁ" አለኝ። ለሙሽራ ብዙ ይባላል። እኔ ግን ያቺን ቃል እንደ ውል ይዣት ኖርኩ።

ስድስት ዓመት አለፈ። በ1974 ዓ.ም. የግሪኩ መኪና ለጨረታ ወጣች። ግሪኩ የቡና ነጋዴ ነበር፤ ትርፍ ቤቱና መጋዘኑ ሲወረስ አገር ጥሎ ሄደ፣ መኪናዋም መጋዘን ውስጥ ሸራ ለብሳ ቀረች። ቀይ ናት፤ እንግሊዝ ሠራሽ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ እንደ ጃንጥላ ወደ ኋላ የሚታጠፍ። አራቱም ጎማዎቿ የሉም። ጎማ የሌላትን፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዘውን፣ ቤንዚን በኩፖን በሚቀዳበት ዘመን ማን ይፈልጋታል? ሞገስ ብቻውን ተጫረተ፣ ብቻውን አሸነፈ። በጭነት መኪና አምጥተው፣ ስምንት ወንዶች ተሸክመው ግቢያችን ውስጥ አራት ድንጋይ ላይ አስቀመጧት።

ያን ዕለት ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቴን ነው። ሞገስ በሩን ከፍቶ ወንበሩን ከጠራረገ በኋላ፣ "እዚህ ላይ ከአንቺ በፊት ማንም አይቀመጥም፤ ጎማ ስናገኝላት ደግሞ የመጀመሪያው ጉዞ ያንቺ ነው" አለኝ። ሸዋዬ በአጥሩ በኩል ሰምታ ዓይኗ ደም ለበሰ። እንዲህ የሚቀናብኝ ሰው ማግኘቴም አልከፋኝም።

በማግስቱ ግን ሞገስ በመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ አንድ ፎቶግራፍ አገኘ። ግሪኩ መኪናዋን ተደግፎ ይስቃል። ወንበሩ ላይ፣ የእኔ በተባለው ወንበር ላይ፣ ብርቅዬ ተቀምጣለች።

ብርቅዬ የግሪኩ ጸሐፊ ነበረች። ሞገስ ያኔ ወጣት መካኒክ ሆኖ የግሪኩን መኪና ይጠግን ነበር። ሥራ ሲያመሽባት ቤቷ ድረስ ያደርሳት እንደነበር ሰው ሁሉ ያወራል። እኔን ከማወቁ በፊት ነው። እሱን ስጠይቀው "አደርሳት ነበር" ይላል፤ ሌላ አይጨምርም። ምነው ትንሽ በጨመረልኝ! የጎደለውን እኔ ራሴ ስሞላ ስንት ዓመት እንቅልፍ አጣሁ። አሁን በልብስ ስፌት ትተዳደራለች፣ ባል አላገባችም፣ ሳታረጅም ቀርታለች።

በዚያ ሰሞን ግቢያችን የጎማ ሸንጎ ሆነ። ደረሰ የሚባል ጎማ ጠጋኝ በየቀኑ ይመጣና ከሞገስ ጋር ድንጋዮቹ አጠገብ ቁጢጥ ይላል። የደረሰ ሐሳብ የፊያት ቸርኬ እንግጠምላት ነው። "ደፍን ብረት ነው፣ ጉድጓድ አይፈራም፣ የውስጥ ጎማው፣ ከመነዳሪውም ከተማው ውስጥ አለ። የመኪናዋን የጎማ ማሰሪያ ትንሽ ማስቀየር ብቻ ነው" ይላል። የፎቶግራፉ ቸርኬ ሌላ ነው፤ እንደ ብስክሌት ጎማ በቀጫጭን ነጭ ሽቦ የተወጠረ፣ መሃሉ ጥርስ ያለው፣ በአንድ ትልቅ ብሎን ብቻ የሚታሰር። ደረሰ "ጌጥ ነው" ብሎ ናቀው። ሞገስ ፎቶግራፉን ይዞልኝ መጣ።

"አንቺ ምረጪ" አለኝ። "የምትሄጂባት አንቺ ነሽ። የደረሰ ብረት ወይስ ይሄ?"

እኔ ቸርኬውን መች አየሁት! የማየው ብርቅዬን ነው፤ ያሰረችውን ሻሽ፣ በሩ ላይ ጣል ያደረገችውን ክንድ፣ የቤቷ ያህል የተዝናናችበትን አቀማመጥ። ሞገስ ፊቴን እያየ ነበር። እሷን እንደማይ እንዳይነቃብኝ ብዬ ጣቴን ጎማው ላይ አሳረፍኩና፣ "ይሄ ነው የሚያምረው" አልኩ።

"በቃ፣ እሱ ነው" አለ። ደስ ብሎት እንደ ልጅ እየዘለለ ወጣ።

ሻሸመኔ ሄደ፣ ዲላ ሄደ፣ አዲስ አበባ ድረስ ሰው ላከ። የለም። ደረሰ "አላልኩህም?" እያለ አደከመው። ከዚያ ሞገስ መፈለጉን ያቆመ መሰለኝ፤ ስለ ጎማም ማውራት ተወ።

አንድ ቀን የቀበሌ ሱቅ ስኳር ልንወስድ ተሰልፈን ሸዋዬ ከኋላዬ ቆማለች።

"ሞገስ ልብስ ያሰፋል እንዴ?" አለችኝ።

"ምን ልብስ?"

"እንጃ፤ ከብርቅዬ ቤት ሲወጣ አየሁት። ባለፈው ሳምንትም አይቼው ነበር። ልብስ የሚያሰፋ መስሎኝ ነው እንጂ እኔ ምን አገባኝ።"

ስኳሬን ሳልወስድ ከሰልፍ ወጣሁ። ቀናሁ፤ ሌላ ስም የለውም። ቤት ገብቼ ኪሱን ፈተሽኩ፣ ሸሚዙን አሸተትኩ። የጋራዥ ዘይት እንጂ ሌላ አልሸተተኝም፤ ይህም አላረጋጋኝም። ልጠይቀው አፌን ከፍቼ መልሼ የዘጋሁት ስንቴ ነው። ብጠይቀው "ሄጃለሁ" ብሎ ዝም የሚል ሰው ነው።

በሳምንቱ፣ ማክሰኞ ነው፣ ለምሳ ቤት ስመጣ ግቢው ውስጥ በጆንያ የተጠቀለሉ አራት ክብ ነገሮች ግድግዳውን ተደግፈው አገኘሁ። ሞገስ ግን የለም። በር ላይ የመሥሪያ ቤቱ መኪና መጥታ ወደ መንግሥት እርሻው ትራክተር ሊጠግን ወስዳዋለች፤ ሦስት ቀን እንደሚቆይ ለጎረቤት ነግሮ ሄዷል። ጆንያውን ገለጥ አደረግኩ። ባለ ሽቦው ቸርኬ ነው፣ ከነጎማው፤ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ልቤ ዘለለ። አገኘልኝ ብዬ ወደ ቤት ገባሁ፤ ያን ጊዜ ራዲዮዋ መቀመጫዋ ላይ አለመኖሯን አየሁ።

የሞገስ ራዲዮ ማለት የሞገስ ሁለተኛ ነፍሱ ናት። ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ እሷን ነው የሚከፍተው። እኔ እንኳ አቧራ ስጠርግ "ቀስ በይ" ይለኛል። ልብሷን እኔ ነኝ የሠራሁላት፤ ነጭ አቡጀዲ ላይ በሰማያዊ ክር ሁለት ወፍ ጠልፌ። ምናልባት ተሰርቃ ይሆን ብዬ ወደ ሥራ ስመለስ በብርቅዬ ቤት በኩል ዞርኩ። ለምን በዚያ እንደዞርኩ እግሬን ጠይቁት። መስኮቷ ክፍት ነው። የስፌት መኪናዋ አጠገብ ሁለቱ ሰማያዊ ወፎቼ ተቀምጠዋል፤ ከውስጣቸውም ዘፈን ይወጣል። ብርቅዬ አንገቷን ሰብራ እየሰፋች ታንጎራጉራለች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የጻፍኩት የዕቅድ ሪፖርት ላይ ስንት ስህተት እንደነበረ አለቃዬ ይናገር። ከሥራ ስወጣ ኩማን ጠራሁት። ጋሪው እንደ ሰርጌ ቀን ይወላገዳል፤ ከዚያ ወዲህ ደህና ጎማ አግኝቶ አያውቅም። ቤቴ በር ላይ አቆምኩትና አራቱን ጆንያ አሳየሁት።

"ውሰዳቸው፣ ኩማ።"

"የት ላድርሳቸው፣ እትዬ ወርቅነሽ?"

"የትም። ላንተ ነው። ሁለቱን ላንተ ጋሪ፣ ሁለቱን ለወንድምህ ጋሪ።"

ኩማ አንዱን ገለጠና ሽቦውን በጣቱ መታ መታ አደረገው። ወደ መኪናዋ አየ፣ ወደ ድንጋዮቹ አየ። "ጋሼ ሞገስ ያውቃሉ?"

"እኔ ነኝ የምሰጥህ!" ብዬ ጮህኩበት፤ ያ ምስኪን ምን አደረገኝ? ፈራ ተባ እያለ ጫናቸውና ሄደ። እኔም ራት ሳልበላ ተኛሁ፤ እንደዚያ ዕለት ጥሩ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም። ይህንንም ልናገረው።

ሞገስ ዓርብ መጣ። ገና ከበሩ ግድግዳውን አየ።

"ጎማዎቹስ?"

"ለኩማ ሰጠኋቸው። አንተ ራዲዮህን ስትሰጥ ጠይቀኸኛል?"

ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። የምጠብቀው ቁጣ ነበር፤ ለቁጣ ተዘጋጅቼ ሦስት ቀን ሙሉ መልስ ሳጠናቅር ነው የከረምኩት። እሱ ግን በዝግታ ነገረኝ። ግሪኩ ሲሄድ መኪናዋን ማንም እንዳይነዳት ብሎ ጎማዎቹን አስፈትቶ ብርቅዬ ጋ አስቀምጦ ነበር። ሞገስ ይህን የሰማው ዲላ ላይ ከግሪኩ የድሮ ዘበኛ ነው። ብርቅዬ ጓሮ ውስጥ ነበሩ። ሁለት ጊዜ ሄዶ ለመናት።

"ገንዘብ አልፈልግም አለችኝ። 'የመጀመሪያውን ቀን እኔን አዙረኝ፤ ያቺ መኪና ላይ አንዴ ብቻ ልቀመጥና ውሰዳቸው' አለችኝ። የመጀመሪያው ቀን የወርቅነሽ ነው አልኳት። አልሰጥም አለች። በመጨረሻ ራዲዮህን አምጣ አለች፤ ሰጠኋት።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"የሷን ስም ስጠራ ፊትሽን አይተሽው ታውቂያለሽ?"

ተነሥቶ ወደ ኩማ ሄደ። እኔም በሩ ላይ ቆሜ ለቅድስት ማርያም ስለት ተሳልኩ። ብዙም ሳይቆይ ባዶ እጁን ተመለሰ። የገበያው በያጅ የቸርኬዎቹን መሃል ከነጥርሱ ቆርጦ ጥሎ ከሁለቱ ጋሪዎች ብረት ጋር በይዷቸዋል፤ አራቱንም። ከእንግዲህ ለጋሪ እንጂ ለመኪና አይሆኑም። "ጥሩ አድርጎ ነው የበየደው" አለኝ፣ የሙያ ነገር ሆኖበት። ምነው በጥፊ በመታኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሞገስ ሸራውን ገለጠ፣ ቀይዋን መኪና በውኃ አጠበ፣ ጣሪያዋን ወደ ኋላ አጠፈ። ከዚያ በሩን ከፈተልኝ።

"ግቢ።"

"ጎማ የላትም እኮ።"

"ቃል ቃል ነው። ግቢ።"

ገባሁ። ነጠላዬን እንደ ሻሽ አሰርኩ፣ ክንዴን በሩ ላይ ጣል አደረግኩ፤ እንደ ማን እንደሆነ አልናገርም። ሞገስ መሪውን ይዞ ማርሽ አስገባ። "ወዴት?" ቢለኝ "ወደ ሐይቁ" አልኩት፤ ሁለታችንም ክፍት የነበረውን የግቢ በር እያየን ቁጭ አልን። ዕንባዬ መጣ፤ ይቅር በለኝ ልለው ነበር።

ያን ጊዜ የፈረስ ኮቴ ሰማን። የኩማ ጋሪ በበራችን ፊት መጣች። አትንገጫገጭም፣ አትወላገድም፤ ነጫጮቹ ሽቦዎች በፀሐይ እየተብለጨለጩ ውኃ ላይ እንደምትሄድ ነገር ትንሳፈፋለች። ላይዋ ላይ ብርቅዬ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ሁለቱ ሰማያዊ ወፎች አሉ።

እኛን ስታይ "አቁም" አለችው። ወደ ጎማዎቹ ጎንበስ ብላ አየች፤ ከዚያ ድንጋይ ላይ ወደተቀመጥነው ወደ እኛ።

"ሞገስ! እነዚህ የኔዎቹ አይደሉም? መጀመሪያ እንዳልቀመጥባቸው ብለህ ያን ሁሉ ስትለፋ! ማን ሰጠው?"

ኩማ በኩራት ጅራፉን ወደ እኔ ቀሰረ። "እትዬ ወርቅነሽ ናቸው!"

ብርቅዬ አየችኝ፣ ከልቧም ሳቀች። ክፋት የለበትም፤ ክፋት ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ወርቄ!" አለችኝ።

"አብሮ ይስጠን" አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ?