ምድጃው ላይ ውሃ የደፋው ሰውዬ

ቶርኪል ማክስዊን በደሴታችን ምዕራብ ዳርቻ አንዲት ላምና ጥቂት በጎች ይዞ የሚኖር፣ ሚስቱ የሞተችበት ዝምተኛ ሰው ነበር። ድምፁ የሚሰማው ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። እኛ ጋ መዝሙረ ዳዊት ያለ መሣሪያ ነው የሚዘመረው፤ አንድ ሰው ስንኙን ያወጣል፣ ሕዝቡ ተቀብሎ ያዜማል። አውጪው እሱ ነበር።

አንድ ክረምት፣ ከኮረብታው ማዶ በቅድመ አያቶቻችን ዘመን ሰዉ ተባርሮ ለፈረሰው መንደር መታሰቢያ ድንጋይ ልናቆም አሰብን። በምርቃቱ ቀን መዝሙሩን እንዲያወጣ ሲጠየቅ፣ ደስታውን ለመደበቅ ጫማውን ያይ ነበር። ድንጋዩ ላይ ምን እንደሚጻፍ ግን መስማማት አልቻልንም። አንድ ምሽት እኔ ቤት ተሰበሰብን።

«የመሬቱ ጌታ ለበጎቹ ግጦሽ ብሎ ነው ያባረራቸው። አለቀ!» አለች ማርሳሊ። አያቷ የተወለዱት እዚያ መንደር ነው።

«ቀስ በይ እንጂ» አሉ ጡረተኛው መምህር ፊንላይ። «ድንቹ መሬት ውስጥ በስብሶ ነበር። ሰዉ እየሰበሰበ ይሸጠው የነበረው የባሕር ሣርም ገበያ አጥቶ ነበር። ረሃብም እኮ ያባርራል።»

«ረሃብ መሰላል ይዞ ጣሪያ ያፈርሳል እንዴ፣ መምህር? ይሄን ደግሞ የት አነበቡት?»

ሳቅን። ቶርኪል አልሳቀም።

«ጣሪያው ላይ የወጣው የኔ ቅድመ አያት ነው» አለ። «የጌታው ሎሌ ነበር። በየቤቱ እየገባ፣ ሰዉ እንዲወጣ ምድጃው ላይ ውሃ የደፋውም እሱ ነው። አባቴ ሊሞት ሲል ነገረኝ። አሁን የምኖርበትን መሬት ጌታው የሰጠው ለዚያ ነው። ጌታው ብቻ ነው ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ እዚያ ቆሜ መዘመር አልችልም።»

«አስገድደውት ይሆናል» አሉ መምህሩ።

«ይሆናል። መሬቱን ግን ወሰደ።»

«አንተ ደግሞ፣ ማን ጠየቀህ?» አለች ማርሳሊ። ሻሿን አንስታ ወጣች።

ድንጋዩ ላይ የመንደሩ ስም ብቻ ተጻፈ።

ምርቃቱ ቅዳሜ ነበር፣ ነፋስም ነበር። ቶርኪል ቆቡን አውልቆ የመጀመሪያውን ስንኝ አወጣ። ማርሳሊ ከንፈሯን ገጥማ ወደ ባሕሩ ዞረች። እሷን ያዩ ሌሎችም ዝም አሉ። የተቀበልነው ጥቂቶች ነን፤ የኛንም ድምፅ ነፋሱ ወሰደው። እሱ አላቋረጠም። ያወጣውን ራሱ እየተቀበለ ጨረሰና፣ ማንንም ሳይጨብጥ ቁልቁለቱን ወረደ።

በማግስቱ እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የአውጪው ወንበር ባዶ ሆነ። ሊጠሩት የሄዱት መምህር ብቻቸውን ተመለሱ።

«ላሚቱ ልትወልድ ስለሆነ ነው አለኝ» አሉ።

ላሚቱ ከወለደች መሰንበቷን ሁላችንም እናውቅ ነበር።